ማስቀመጥና ማግኘት፦ በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ሰነዶች ከማይክሮፊልም እስከ በይነመረብ ማከማቻ

1. መግቢያ

ሰነድን ማስቀመጥና የተቀመጠን ሰነድ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸው። በአፍሪካ ቀንድ ቋንቋዎች ላይ የሚሠሩ ብዙ ተመራማሪዎች የመስክ ማስታወሻዎቻቸውን፣ የቃላት ዝርዝሮቻቸውንና የጽሑፍ ረቂቆቻቸውን ዛሬ የሚያኖሩት እንደ ጉግል ድራይቭ፣ ድሮፕቦክስና ዋንድራይቭ ባሉ የበይነመረብ ማከማቻዎች ነው። ማከማቻው ሰፊ፣ አጠቃቀሙም ቀላል በመሆኑ፣ ወደ እርሱ የገባ ሰነድ ሁሉ ከጥፋት የዳነና በተፈለገ ጊዜ የሚገኝ ይመስላል። ያለፉት 50 ዓመታት ታሪክ ግን ይህን ግምት አይደግፍም። በ1970ዎቹ በፊልም የተነሡ የብራና መጻሕፍት ዛሬም ሲነበቡ፣ ከዚያ በኋላ በኮምፒውተር የተጻፉ በርካታ ሰነዶች ፋይላቸው ሳይጎድል የማይነበቡ ሆነዋል። ይህ ጽሑፍ የልዩነቱን ምክንያት በታሪክ ቅደም ተከተል ይመረምራል። መከራከሪያውም አንድ ነው፦ ሰነድን ለተከታዩ ተመራማሪ የሚያደርሰው የማከማቻው ስፋት ሳይሆን ሰነዱ የተጻፈበት ኮድ፣ የተሰጠው ስምና የተያያዘለት መግለጫ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. የማይክሮፊልሙ ዘመን

የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት በ1973 ሥራውን ሲጀምር፣ ዓላማው በገዳማት፣ በአብያተ ክርስቲያናትና በግለሰቦች እጅ የሚገኙ ብራናዎችን በፊልም ቀርጾ ማቆየት ነበር። ሥራው በአሜሪካ ሚኔሶታ ግዛት፣ በኮሌጅቪል ከሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በትብብር የተካሄደ ሲሆን፣ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ፊልሞቹም በአንድ ቦታ ብቻ አልተወሰኑም፤ በአዲስ አበባም በኮሌጅቪልም ተቀመጡ።

ይሁን እንጂ ክምችቱን ለምርምር ያበቃው ፊልሙ ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱ መለያ ቁጥር ተሰጥቶታል። ከ1975 ጀምሮም በዊልያም ማኮምበርና በጌታቸው ኃይሌ የተዘጋጀው ካታሎግ በ10 ቅጾች የመጀመሪያዎቹን 5,000 መጻሕፍት ይዘት፣ ዘመንና ባለቤትነት ዘርዝሯል። አንድ ተመራማሪ ብራናውን ሳያይ፣ ፊልሙንም ሳያስመጣ የሚፈልገው ድርሰት በየትኛው ቁጥር እንደሚገኝ ማወቅ ቻለ። ኋላ ምስሎቹ ወደ ዲጂታል ተለውጠው በበይነመረብ ሲቀርቡ የማኖሪያው ቁስ ተቀየረ እንጂ ቁጥሩ አልተቀየረም። በ1980ዎቹ በታተመ ጥናት ግርጌ የሠፈረ ቁጥር ዛሬም ወደዚያው መጽሐፍ ይመራል። ቁሱ ቢለዋወጥም መግለጫው ጸንቶ መቆየቱ የዚህ ዘመን ዋና ትምህርት ነው።

3. የፎንት ዘመን

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የግል ኮምፒውተር በክልሉ መስፋፋት ሲጀምር የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፍ ኮድ አልነበረውም። በወቅቱ የነበረው የአንድ ባይት አሠራር ቢበዛ 256 ቦታዎችን ብቻ ይሰጥ ነበር። ለአማርኛ የሚያስፈልጉት 33 ፊደላት በሰባቱ ሆሄያት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎች፣ አኀዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲታከሉ ቁጥሩ ከተፈቀደው ቦታ ያልፋል። ስለዚህ የሶፍትዌር ባለሙያዎች የላቲን ፊደላት የያዟቸውን ቁጥሮች ወስደው በላያቸው የግዕዝ ቅርጽ አስቀመጡ። አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ፎንቶች አከፋፈሉት፤ ሌሎቹ ደግሞ የፊደሉን አካልና ቅጥያ ለየብቻ አድርገው በመገጣጠም ሠሩ። ለኅትመት ሥራ መፍትሔው በቂ ነበር፤ ጋዜጦች፣ መማሪያ መጻሕፍትና የመመረቂያ ጽሑፎች ወጡበት።

ችግሩ የታየው ሰነዱ ከተጻፈበት ኮምፒውተር ሲወጣ ነው። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን የቁጥር ድልድል ስለተከተለ፣ በአንዱ ፎንት «ለ» የሆነው ቁጥር በሌላው «ሚ» ወይም ሌላ ምልክት ሊሆን ቻለ። ፎንቱ በሌለበት ደግሞ ገጹ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድርድር ሆኖ ይታያል። ፒዲኤፍ ይህን ጉድለት ሸፈነው እንጂ አላስወገደውም። ፎንቱ በፋይሉ ውስጥ ስለሚታቀፍ ገጹ ለዐይን ፍጹም አማርኛ ነው፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ተቀድቶ ወደ ሌላ ሰነድ ሲለጠፍ ግን የሚወጣው ያው የላቲን ድርድር ነው። ስለሆነም እንዲህ ያለውን ሰነድ ሰው ያነበዋል፤ የፍለጋ ሥርዓት ግን አያገኘውም።

ከጎረቤት ቋንቋ ጋር ማነጻጸር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ሶማልኛ በ1972 የላቲን ፊደልን በይፋ ሲቀበል የመረጠው አጻጻፍ ተጨማሪ ምልክት የማይሻ ነበር። በዚህም ምክንያት በ1980ዎቹ በኮምፒውተር የተጻፈ የሶማልኛ ጥሬ ጽሑፍ ያለ አንዳች ልወጣ ዛሬም ይነበባል። በዚያው ዘመን በግዕዝ ፊደል ከተጻፉት መካከል ተመሳሳይ ዕድል ያገኙት «ሴራ» በተባለው ሥርዓት የተጻፉት ናቸው። ሴራ የግዕዝን ፊደል በተራ የላቲን ፊደላት የሚወክል፣ ደንቡም በይፋ የታወቀ ሥርዓት ስለነበር ጽሑፉን በማናቸውም ጊዜ ወደ ግዕዝ መመለስ ይቻላል። ልዩነቱን ያመጣው ደንቡ በግልጽ መነገሩ እንጂ የማከማቻ ብልጫ አልነበረም።

4. ዩኒኮድና የክልሉ ቋንቋዎች

በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል 345 ምልክቶችን መዘገበ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል በየትኛውም ፎንት የማይለወጥ የራሱ ቁጥር አለው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ምዝገባ በዋናነት ግዕዝን፣ አማርኛንና ትግርኛን የሚያገለግል ነበር። የሰባት ቤት ጉራጌ፣ የመኤንና የብሊን ቋንቋዎች ተጨማሪ ፊደላት የገቡት በ2005፣ ለጋሞ፣ ለጎፋ፣ ለዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የሚያስፈልጉት በ2010፣ ለተሻሻለው የጉራጌ አጻጻፍ የታከሉት ደግሞ በ2021 ነው። በአጠቃላይ የተመዘገቡት ምልክቶች 523 ደርሰዋል።

ይህ ቅደም ተከተል ለቋንቋ ጥናት ቀጥተኛ ትርጉም አለው። በ2003 የተዘጋጀ የመኤን የቃላት ዝርዝር በዩኒኮድ ተጽፏል ቢባል እንኳ፣ ለልዩ ፊደላቱ ቋሚ ቁጥር ስላልነበራቸው ጸሐፊው በሌላ ምልክት መተካት ነበረበት። የተኪው ምልክት ማብራሪያ ከሰነዱ ጋር ካልተያዘ፣ የኋላው አንባቢ የድምፅ ልዩነትን ከአጻጻፍ ችግር መለየት አይችልም። ኮዱ ከተመዘገበም በኋላ ፎንቶችና ስልኮች እስኪያካትቱት ድረስ ጊዜ ያልፋል፤ በመካከሉ አዲሱ ፊደል ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ዩኒኮድ ችግሩን ፈታ፤ የፈታው ግን ለሁሉም ቋንቋ በአንድ ቀን አይደለም።

5. የበይነመረብ ሰነድ መሣሪያዎችና የፊደሉ ጠባይ

ጉግል ዶክስ በ2006፣ ድሮፕቦክስ በ2008፣ ጉግል ድራይቭ በ2012 ለሕዝብ ቀረቡ። የእነዚህ መሣሪያዎች ትልቁ ጥቅም ቦታ መስጠታቸው ብቻ አልነበረም፤ በተለያዩ አገሮች ያሉ ተመራማሪዎች በአንድ ሰነድ ላይ በአንድ ጊዜ መሥራታቸው፣ የቀድሞ እትሞች መቆየታቸውና በሰነዱ ውስጥ ያለው ቃል መፈለግ መቻሉ ነው። የቀድሞዎቹ ፎንቶች ግን ወደዚህ ዓለም አልተሻገሩም። በጉግል ዶክስ ተጠቃሚ የራሱን ፎንት መጫን ስለማይችል፣ በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ፋይል ሲከፈት ወደ ላቲን ድርድርነት ይመለሳል።

በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድም ቢሆን ሁልጊዜ በቀላሉ አይገኝም። አማርኛ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት በነጻነት ያለዋውጣል። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብንወስድ፣ ሁለቱ ጸዎችና የሦስቱ ሀዎች ግዕዝና ራብዕ ሲባዙ 12 የአጻጻፍ መንገዶች ይገኛሉ። ፊደል ለፊደል የሚያመሳክር ፍለጋ ከ12ቱ አንዱን ብቻ ያወጣል። ጉግል ዶክስ በፍለጋና መተኪያ መስኮቱ የስርዓተ ጥለት ፍለጋን ስለሚፈቅድ፣ [ጸፀ][ሀሐኀሃሓኃ]ይ ብሎ በመጻፍ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማግኘት ይቻላል። ይህ መንገድ የምንጩን አጻጻፍ ሳይነካ ፍለጋውን ያሰፋል፤ አጻጻፉን አስቀድሞ ወደ አንድ ማምጣት ግን ለፊደል ታሪክ ጥናት የሚያገለግለውን ማስረጃ ያጠፋል።

የሥርዓተ ነጥብ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች አራት ነጥብን እንደ አንድ ምልክት በመጻፍ ፈንታ ሁለት ነጥብን ደጋግመው ይጽፋሉ። ለዐይን «።» እና «፡፡» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የመጀመሪያው አንድ ምልክት፣ ሁለተኛው ሁለት ምልክቶች ነው። ዐረፍተ ነገሮችን በአራት ነጥብ የሚቆጥር ሥርዓት ሁለተኛውን ካላወቀ ውጤቱ ይዛባል። ከዚህም ሌላ፣ መስተዋድዶች በቃሉ ፊት፣ ባለቤት አመልካቾች ደግሞ በቃሉ መጨረሻ ስለሚለጠፉ «ቤት»ን የሚሻ ሰው «ከቤቱ»ን፣ «በየቤቱ»ን ላያገኝ ይችላል። በሠንጠረዥ በተያዙ የመስክ ጽሑፎች ከቃሉ አጠገብ የመነሻ ቅርጹን የሚይዝ ዐምድ ማኖር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የፋይል ስምም የራሱ ገደብ አለው። በዩቲኤፍ-8 አሠራር አብዛኛው የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የፋይል ስምን በ255 ባይት በሚወስኑ ሥርዓቶች ላይ የአማርኛ ስም ከ85 ፊደላት በላይ ሊረዝም አይችልም። መግለጫን ሁሉ በፋይል ስም ውስጥ ማጨቅ የማያዋጣው በዚህም ምክንያት ነው፤ አጭር ቁጥር ለስሙ፣ ዝርዝሩ ለካታሎጉ ሲሆን የማይክሮፊልሙ ዘመን አሠራር ይደገማል።

6. የማከማቻው ተስፋና ወሰኑ

የበይነመረብ ማከማቻ የአገልግሎት ውል እንጂ ርስት አይደለም። ጉግል ለትምህርት ተቋማት ይሰጥ የነበረውን ወሰን የለሽ ቦታ እንደሚያቋርጥ በ2021 አስታወቀ፤ በምትኩም ለአንድ ተቋም በጋራ 100 ቴራባይት መነሻ አድርጎ ወሰነ። በዚያው ዓመት ከጁን 1 ጀምሮ በዶክስ የሚፈጠሩ አዳዲስ ሰነዶች ከተጠቃሚው ኮታ ይቆጠሩ ጀመር። ከ2023 መጨረሻ አንሥቶ ደግሞ ለሁለት ዓመት ያልተከፈቱ የግል መለያዎች ከነይዘታቸው ሊሰረዙ ይችላሉ። የሞተ ወይም ጡረታ የወጣ ተመራማሪ ስብስብ በግል መለያው ብቻ ከቀረ ይህ ደንብ በቀጥታ ይነካዋል።

መዳረሻው ራሱም ይቋረጣል። በኢትዮጵያ በጁላይ 2020 በይነመረብ በአገር አቀፍ ደረጃ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር፤ በትግራይ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ የተከሠተው መቋረጥ ደግሞ እጅግ ረዝሟል። በኦክቶበር 2023 በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ላይ የደረሰው የሳይበር ጥቃት የዲጂታል ክምችቶቹን ለወራት ከአንባቢ አርቋል። በእነዚህ ጊዜያት ሥራቸውን መቀጠል የቻሉት ሌላ ቅጂ በእጃቸው ያኖሩ ናቸው።

በዚህ ረገድ አንድ ቴክኒካዊ ነጥብ ሊታወቅ ይገባል። የጉግል ዶክስ ሰነድ በኮምፒውተሩ አቃፊ ውስጥ ቢታይም፣ በዚያ ያለው አድራሻ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ በሰርቨሩ ላይ ይኖራል። አቃፊውን ወደ ውጫዊ ዲስክ የገለበጠ ሰው ሰነዱን ሳይሆን አድራሻውን ገልብጧል። እውነተኛ ቅጂ የሚገኘው ሰነዱ በጥሬ ጽሑፍ፣ በዎርድ ወይም በፒዲኤፍ መልክ ሲወርድ ነው። ወደ ድራይቭ የተጫኑ ሌሎች ፋይሎች የቀድሞ እትሞችም እንዲቆዩ ካልተደረጉ በቀር ከ30 ቀን ወይም ከ100 እትም በኋላ ሊጠፉ ይችላሉ።

7. ማጠቃለያ

ከ1973 ወዲህ ያለው ታሪክ ሦስት ነገሮችን ያሳያል። በመለያ ቁጥርና በካታሎግ የታገዘ ክምችት ከአንድ ቁስ ወደ ሌላ ሲሻገር አልጠፋም። ደንቡ ያልተገለጸ ኮድ ግን ፋይሉ ሳይጠፋ ይዘቱን ከአንባቢ አርቋል። የበይነመረብ መሣሪያዎችም የሚሰጡት ጥቅም በፊደሉ ጠባይ ላይ በተደረገው ጥንቃቄ መጠን ነው። እነዚህን ነጥቦች ሥራ ላይ ለማዋል ብዙ ወጪ አያስፈልግም፦ በዩኒኮድ መጻፍ፣ ለልዩ ፊደላት የተደረገን ምትክ በአጭር ማስታወሻ መግለጽ፣ ለእያንዳንዱ ፋይል የማይለወጥ ቁጥር መስጠት፣ አንድ የካታሎግ ሠንጠረዥ መያዝ፣ ቅጂዎችንም በሁለት ቦታ ማኖር ይበቃል።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው የፎንቱ ዘመን ሰነድ ነው። በአሮጌ ፎንቶች የተጻፉ የቃላት ዝርዝሮች፣ ተረቶችና የመመረቂያ ጽሑፎች ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው ዲስኮች ይገኛሉ፤ የቁጥር ድልድሉ እስከታወቀና ፎንቱ እስከተገኘ ድረስ ወደ ዩኒኮድ መለወጣቸው ቀላል ሥራ ነው። ፎንቱም ድልድሉን የሚያውቀው ሰውም ከታጡ በኋላ ግን ያው ሥራ የምስጢር ጽሑፍ እንደ መፍታት ይሆናል። ለአንዳንድ ቋንቋዎች የተጻፈው ሁሉ በጥቂት ፋይሎች የተወሰነ በመሆኑ፣ እነርሱን ወደ ማከማቻው ከመጫን አስቀድሞ መለወጥ ለነገ የሚባል ተግባር አይደለም።