የበረዶ አገር ቲማቲም

ስለ ከርሰ ምድር እንፋሎት ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ኤሌክትሪክ ነው። እኔ ግን ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ስለ ቲማቲም ነው።

አይስላንድ ከሰሜን ዋልታ ክበብ ሥር የምትገኝ ደሴት ናት። በታኅሣሥ ወር ዋና ከተማዋ ሬይክያቪክ የቀን ብርሃን የምታገኘው ለአራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ይሁንና ቲማቲም፣ ኪያርና ሰላጣ ዓመቱን ሙሉ ታመርታለች። በፍል ውኃ የሚሞቅ ግሪንሃውስ የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1924 ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከጉድጓድ የሚወጣው ፍል ውኃ በመስታወት ቤቱ ግድግዳ ሥርና በተክሎቹ መደዳ መካከል በተዘረጉ የብረት ቧንቧዎች ያልፋል። ቧንቧው አየሩን ያሞቃል። ሙቀቱ የቀነሰው ውኃ ደግሞ አፈር ለማሞቅ ሊያገለግል ይችላል። ውኃው ማዕድን የበዛበት ከሆነ ቧንቧ ስለሚደፍን፣ ሙቀቱን ብቻ ወደ ንጹሕ ውኃ ማስተላለፍ ያስፈልጋል።

ሙቀት ብቻውን ግን ቲማቲም አያፈራም። በክረምቱ ጨለማ መብራት ካልበራ ተክሉ አያድግም። አበባውን ለማዳቀልም ባምብልቢ የተባሉ ወፋፍራም ንቦች ወደ ቤቱ ይገባሉ። ስለዚህ ሙቀቱ ርካሽ ቢሆንም የመብራቱ ሂሳብ ቀላል አይደለም።

«ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ለሚሉኝ መልሴ እንዲህ ነው። ደጋችንን ውርጭ ይመታዋል፤ ፍል ውኃችን በብዛት ያለው ግን ሞቃቱ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ሙቅ ውኃን ሩቅ በቧንቧ መውሰድ ወጪው ብዙ ነው፤ በመንገድም ይቀዘቅዛል። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ኬንያ ናት። ናይቫሻ አጠገብ አንድ ትልቅ የአበባ እርሻ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኦልካሪያ ጉድጓዶች በተገኘ ሙቀት ግሪንሃውሶቹን ማሞቅ ጀመረ። ዋና ዓላማው የሌሊቱን እርጥበት መቀነስና የፈንገስ በሽታን መከላከል ነበር።

የአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት መስክም ከዝዋይ (ባቱ) ግሪንሃውሶች ብዙ አይርቅም። እዚያ የብርሃን ችግር የለም። እንደ እኔ እምነት፣ ለኤሌክትሪክ ጉድጓድ ሲቆፈር የተረፈው ሙቀት ለማን እንደሚውል ከመነሻው በዕቅዱ መግባት አለበት። ጣቢያው ከተገነባ በኋላ ቧንቧ ልዘርጋ ማለት ወጪውን ያበዛዋል።