የቦታ አመልካች ቅጥያዎች በኮሪያ ቋንቋ

በአማርኛ «በ»፣ «ከ» እና «ወደ» ከስም በፊት የሚገቡ ሲሆን፣ በኮሪያ ቋንቋ ግን ቦታ አመልካቾች ከስም በኋላ ይቀጠላሉ። ዋነኞቹም «ኤ» እና «ኤሰ» ናቸው።

«ኤ» አንድ ሰው ወይም ነገር የሚገኝበትን ስፍራ እንዲሁም የጉዞን መድረሻ ያመለክታል። «ኤሰ» በበኩሉ ድርጊት የሚከናወንበትን ቦታና የጉዞን መነሻ ይገልጻል። በዚህም መሠረት በቤት መገኘት በ«ኤ»፣ በቤት ሆኖ መሥራት ግን በ«ኤሰ» ይነገራል። «መኖር» የሚለው ግስ ሁለቱንም ይቀበላል።

አማርኛ ለመገኘትም ሆነ ለድርጊት «በ»ን ስለሚጠቀም ተማሪዎች ቅጥያዎቹን ሊያቀያይሩ ይችላሉ። ስህተቱም አቅጣጫን ይገለብጣል፤ «ሴኡል-ኤ ዋሰዮ» ወደ ሴኡል መጣሁ፣ «ሴኡል-ኤሰ ዋሰዮ» ደግሞ ከሴኡል መጣሁ ማለት ነው።

በመሆኑም ለትምህርትና ለሥልጠና ወደ ደቡብ ኮሪያ የሚጓዙ ባለሙያዎች ቅጥያውን ከግሱ ጋር አያይዘው ማጥናት ይኖርባቸዋል።