ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት፦ የነርቭ ሕክምናን ወደ ገጠር ያደረሱ ሐኪም

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በኢትዮጵያ ከቀደምት የነርቭ ሐኪሞች አንዱ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ ተመራምረዋልም። ሥራቸውን ልዩ የሚያደርገው ሕመምተኛው ሆስፒታል እስኪመጣ ሳይጠብቁ ወደ ገበሬው መንደር መሄዳቸው ነው።

በቡታጅራ አካባቢ፣ በመስቃንና ማረቆ፣ ቡድናቸው ቤት ለቤት ባካሄደው ጥናት 60 ሺህ 820 ሰዎች ተካተዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ውጤት መሠረት ከ1 ሺህ ሰዎች 5 ነጥብ 2 ያህሉ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። ቀጣዩ ጥናት ኅብረተሰቡ በሽታው ይተላለፋል ብሎ እንደሚፈራ አሳየ። በዚህ ፍርሃት የተነሣ እሳት ላይ የወደቀ ሰው የሚያነሣው ሊያጣ ይችላል። ሆኖም በሽታው በንክኪም ሆነ በለሃጭ አይተላለፍም፤ በመድኃኒትም ይታገሣል።

በደምቢያና በፎገራ ደግሞ በጓያ የሚመጣውን የእግር ሽባነት አጥንተዋል። ጓያ ድርቅንም ውኃ የተኛበትንም መሬት ስለሚችል፣ ሌላው ሰብል ሲጠፋ የድኻው ቤት ዋና ምግብ ይሆናል። ለወራት በብዛት ከተበላ በውስጡ ያለው መርዝ እግርን የሚያዝዙ ነርቮችን ይጎዳል፤ ሽባነቱም አይድንም። ጓያውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መመገብ አደጋውን ይቀንሳል።

ፕሮፌሰሩ በቡታጅራ የግራርቤት ተሐድሶ ማኅበርን መሥርተው መርተዋል። ማኅበሩ በዐይን ሕክምናና በአካል ጉዳተኞች ተሐድሶ ይታወቃል። ጥናት ያካሄዱበት አካባቢ በእርሳቸው መሪነት የሕክምና ተቋም አግኝቷል።