የስምንት ሰዓት ሐራራ

እንግዲህ ቡናው እስኪፈላ ጠጋ በሉና ስሙኝ። በኬንያ ሜሩ ኮረብታ ላይ ሚራው ይለቀማል፣ እኛ ጫት የምንለው ማለቴ ነው፣ እንዳይደርቅም በሙዝ ቅጠል ይጠቀለላል፣ ከዚያም መኪና ላይ ይጫንና ኢሲዮሎን አልፎ፣ ማርሳቢትን ወጥቶ ወርዶ፣ የዲዳ ገልገሉን በረሃ ሰንጥቆ ሞያሌ ጎልቦ ይደርሳል። ሾፌሩ እንዲያ የሚከንፈው ወዶ አይደለም። ቅጠሉ ሲጠወልግ በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ የለየው ካቲኖን የሚባለው ነገር እየደከመ ይሄዳል፤ የደከመ ጫት ደግሞ ገዢ የለውም።

ጎልቦ ላይ አንድ ሰው አውቃለሁ። ስምንት ሰዓት ሲቃረብ ያዛጋል፣ ከዚያ ኪሱን ይዳብሳል፣ ከዚያ እግሩ አቧራውን መምታት ይጀምራል፣ ዓይኑም መንገዱ ላይ ይቀራል። እሽጉ ሲመጣ የሙዙን ቅጠል እንደ ሕፃን ልብስ ቀስ አድርጎ ይፈታዋል። አንድ ጊዜ ልተወው ብሎ ሦስት ቀን ታገለ፤ በሦስተኛው ሌሊት ዱካክ ሲጫወትበት አደረና ሲነጋ መጥቶ «አባባ፣ ለዚህ ሐራራ ኪኒን የለውም?» አለኝ።

የለውም። ከጫት ለባሰው ለኮኬይንም አልተገኘ! ጫትና ኮኬይን እኩል ናቸው አልልም፤ የኮኬይን ጉልበት ሌላ ነው፤ ግን ሁለቱም አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ያናውጣሉ። ለኮኬይን ተመራማሪዎች ዲሰልፊራም የሚባለውን የመጠጥ ማስተዊያ ሞከሩ፣ ከዚያም ሞዳፊኒልን፣ ከዚያም ቶፒራሜትን፣ ክትባት ሳይቀር ሞከሩ። ለግማሹ ሰው መድኃኒቱን፣ ለግማሹ እሱን የሚመስል ባዶ ኪኒን ይሰጣሉ፤ የትኛው ለማን እንደደረሰ ታካሚውም ሐኪሙም አያውቁም። አንዱ ሙከራ ተስፋ ሲሰጥ ሌላው ይነሣል፤ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪም እስካሁን አንድም አላጸደቀላቸውም።

ለጫት ግን ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ ከሶማሌ ስደተኞች ጋር የተሞከረው ኪኒን ሳይሆን ጨዋታ ነበር። ባለሙያው ከቃሚው ጋር ይቀመጣል፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚቅም ይጠይቀዋል፣ ከዚያም ምን እንደሚያገኝበትና ምን እንደሚያጣበት ያወያየዋል። በ2017 የታተመው ውጤት እንደሚለው፣ የተወያዩት ሰዎች የሚቅሙበት ሰዓት ካልተወያዩት ይልቅ ቀነሰ።

ያ ሰው ዛሬም ስምንት ሰዓት ላይ መንገዱን ያያል። በዚያ ስታልፉ እባካችሁ አትገሥጹት፤ አጠገቡ ትንሽ ቁጭ በሉለት።