የጋፋት እቶን፤ ከውጥን ወደ ሥራ

በደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኘው ጋፋት፣ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ በአገር ውስጥ የማሠራት ውጥናቸውን ዛሬ ነገ ሳይሉ በሥራ የተረጎሙባት መንደር ናት። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች የመድፍ ሥራ እንደማያውቁ ቢናገሩም፣ ንጉሠ ነገሥቱ እንዲሞክሩ ስላዘዙ፣ የመጀመሪያው ሙከራ ቢከሽፍም እቶኑን፣ ማለትም ማዕድን የሚቀልጥበትን ምድጃ፣ ደጋግመው በማሻሻል 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ለማውጣት በቁ።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር የተነሣው ሠራዊት መድፉን በጋሪ እየጎተተ መቅደላ አምባ የደረሰው በመጋቢት ሲሆን፣ መንገዱ ገና እየተጠረገ የሚታለፍ ስለነበር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ለሠራዊቱ አርአያ ሆነዋል። በመቅደላ በእንግሊዝ ጦር የደረሰባቸው ሽንፈት ውጥናቸውን ቢያጨናግፍም፣ መድፉ ዛሬም በአምባው ላይ ይገኛል።