አንድ ሰርቨር ስንት ይሆናል?

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። መሐል ላይ ማንኩሳ አለች፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ የበዛብህን አገር አይስታትም። በዚህች አጭር መንገድ ላይ ግን ለረጅም ዘመን ገንዘብ የሚጓዘው ወይ በኪስ ወይ በሐዋላ ነበር። ፍኖተ ሰላም ባንክ ያስቀመጠ ነጋዴ ቡሬ ገበያ በርበሬ ልግዛ ቢል ደብተሩ እዚያ አይሠራለትም። ሒሳቡን የሚያውቀው የከፈተበት ቅርንጫፍ ብቻ ነው። በ2000ዎቹ ባንኮቹ መዝገባቸውን ወደ አንድ ማዕከል ሲያመጡ ነው ይኼ ነገር የቀረው።

«ለየቤቱ የየራሱ ሳጥን» የሚለው አስተሳሰብ የባንክ ብቻ አልነበረም። እስኪ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። አንድን ማሽን ከፋፍሎ እንደ ብዙ ማሽን ማሠራት፣ ዛሬ ቨርቹዋላይዜሽን የምንለው፣ የቆየ ጥበብ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሞክሮት በ1972 ቪኤም/370 ብሎ አወጣው። ያኔ ኮምፒውተር ውድ ስለነበር አንዱን ለብዙ ሰው ማካፈል ግድ ነበር። ትንንሾቹ ኮምፒውተሮች ሲረክሱ ሐሳቡ ከትልልቆቹ ማሽኖች አልወጣ አለ፤ ለኢሜይል አንድ፣ ለሒሳብ አንድ፣ ለፋይል አንድ ሰርቨር መግዛት ልማድ ሆነ። አብዛኞቹ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈተው መብራት ይበላሉ። ቪኤምዌር እ.ኤ.አ. በ2001 ለተራ ሰርቨሮች የሚሆነውን ሶፍትዌር ሲያወጣ የድሮው ሐሳብ ተመለሰ።

በእኛ አገር በዚያው ሰሞን፣ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ወረዳኔት መጣ። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሳተላይት ሳህን ተተከለላቸው። (ወረዳኔት ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ያው በቴሌቪዥን የሚደረገው ስብሰባ ነው።) በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ገባላቸው። ያ ትውልድ ሳያውቀው በቨርቹዋል አስተማሪ ነው የተማረው፤ አንድ መምህር በአንድ ጊዜ በሺህ ክፍሎች ቆሞ ያስተምራል። መብራት ሲጠፋ ግን ፕላዝማው አይጠብቅም። አዲስ አበባ ላይ ትምህርቱ ይቀጥላል፣ ፍኖተ ሰላም ያለው ተማሪ የጨለመ መስታወት ያያል። መብራቱ ሲመለስ ምዕራፉ አልፏል።

እኔ ስለ ቨርቹዋላይዜሽን ሳስብ የሚታየኝ ያ መስታወት ነው። ጥቅሙን አልክድም። ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ድሮ የሚቆጥረው ሳጥን ነበር፤ አዲስ አገልግሎት በመጣ ቁጥር ጨረታ፣ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ፣ ወራት መጠበቅ። አሁን የሚቆጥረው አቅም ነው። አምስት አሮጌ ሰርቨሮች የሚሠሩትን ሁለት ጠንካሮች ይሠሩታል፤ አዲሱ «ማሽን» ከሰዓት በፊት ተጠይቆ ከሰዓት በኋላ ይነሳል። ሁለት የምለው በምክንያት ነው። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ሁሉንም መሸከም ካልቻለ፣ ድሮ ኢሜይል ብቻ ይቆም የነበረው አሁን ደመወዙም መዝገቡም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ግማሹን አቅም ባዶ መተው አለበት። ይኼንን ለበጀት ኮሚቴ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ከዚያ በላይ ያለው ጥያቄ ሁለቱ ማሽኖች የት ይቀመጡ ነው። ሁሉን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ማስቀመጥ ርካሽ ነው፤ ባለሙያውም ጄኔሬተሩም እዚያ አለ። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መስመር ሲጠፋ ማዕከሉ ምንም አይሆንም፤ የሚታወረው ጫፍ ላይ ያለው ነው። የምዕራብ ጎጃም ወረዳ መዝገቡን ሩቅ አስቀምጦ መስመር ካጣ፣ ወረቀት ቤቱን አቃጥሎ ወደ ወረቀት ዘመን እንደ መመለስ ነው።

ዋጋውም ተለውጧል። ብሮድኮም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ቪኤምዌርን ከገዛ በኋላ አንዴ ተገዝቶ ለዘለዓለም የሚያገለግለውን ፈቃድ መሸጥ አቁሟል፤ አሁን በየጊዜው በዶላር መክፈል ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኬቪኤም ግን ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ በነፃ ተቀምጧል። ፍኖተ ሰላም ላይ ሁለት ማሽን በኬቪኤም አቁሞ የአካባቢውን ወረዳዎች መዝገብ ቅጂ እዚያው ማኖር ከዶላር ይልቅ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ሥራውን በለመደ በዓመቱ ባንክ እንዳይወስደው፣ ደመወዙን ዕቅዱ ውስጥ ማን ያስገባል?