ከውጫሌ እስከ ኒው ዮርክ፦ «ጥቁር አይደለሁም» የተባለው ንግግር ዳግም ሲመረመር

ስለ ኢትዮጵያና ስለ ጥቁሮች የእኩልነት ትግል በተጻፈ ቁጥር አንድ ወሬ ሳይነሣ አይቀርም። አንድ የሄይቲ ተወላጅ ዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ ቀርቦ የጥቁርን ዘር ከፍ ለማድረግ የሚቋቋመውን ማኅበር እንዲመሩለት ቢለምን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሐሳቡን አመስግነው፣ እሳቸው ግን «ካውካሲያን» እንጂ ጥቁር እንዳልሆኑ ነገሩት ይባላል። የወሬው ምንጭ ሮበርት ስኪነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 የአሜሪካን መልእክተኞች መርቶ አዲስ አበባ የገባውና ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል የተፈራረመው ይህ ዲፕሎማት፣ በ1906 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ አሰፈረው። ወሬው ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተሻገረ፣ «ሐበሻ ራሱን ከጥቁር አይቆጥርም» ለሚል ሁሉ መደገፊያ ሆኖ ኖሯል። እኔ የምለው ወሬው ይህን ሸክም አይችልም ነው። በምትኩ ሊሰማ የሚገባው ምስክር የወሎ ተወላጁ ዶክተር መላኩ በያን ነው።

የዚህን ጉዳይ የጥቁር አሜሪካውያን ወገን ዊልያም ስኮት በ1993፣ ጆሴፍ ሃሪስ በ1994 ባሳተሟቸው መጻሕፍት በሚገባ ስላጠኑት የምጨምረው የለኝም። ክርክሬ ከታሪክ ጸሐፊው ሃሮልድ ማርከስ ጋር ነው። ማርከስ በ1971 ባወጣው ታዋቂ መጣጥፉ አውሮፓውያን ከአድዋ በኋላ ድል የነሣቸውን ሕዝብ ወደ ራሳቸው ዘር እንዳስጠጉት፣ ጥቁሮቹን «ነጭ» እንዳደረጓቸው አሳይቷል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የጻፈው ስለ አውሮፓውያን አመለካከት ስለሆነ፣ ኢትዮጵያውያኑ ራሳቸው ምን አሉ የሚለው ባዶ ቀረ። ባዶውን ቦታ የሞላው የስኪነር ወሬ ነው። ነጭነቱም ቢሆን የተሰጠው በውሰት ነበር። በሚያዝያ 1937 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢጣልያ ድንጋጌ ቁጥር 880፣ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖረውን ጣልያናዊ እስከ አምስት ዓመት በእስራት ይቀጣ ነበር። በ1939 ደግሞ «የዘር ክብርን» ለማስጠበቅ ሌላ ሕግ ወጣ። ካውካሲያንነት በአንድ ፊርማ ሄደ።

ወደ ወሬው እንመለስ። ንግግሩ የተደረገው በምኒልክና ተመራማሪዎች ቤኒቶ ሲልቫን ነው በሚሉት ሄይቲያዊ መካከል ነው፤ ስኪነር ሦስተኛ ወገን ነው። ሲልቫን የፈረንሳይኛ ሰው ነው። ምኒልክ ከውጭ እንግዳ ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነው። ስኪነር የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ከአማርኛ ተነሥቶ በሁለት ቋንቋ ተሻግሮ ደረሰን ማለት ነው። «ካውካሲያን» የሚለውን ቃል ያስፋፋው ጀርመናዊው ብሉመንባክ በ1795 የራስ ቅሎችን ሲመድብ ነው፤ በምኒልክ ዘመን አማርኛ ውስጥ ቃሉም፣ ከቃሉ ጀርባ ያለው ምደባም አልነበረም። ታዲያ ንጉሡ በአማርኛ ምን ብለው ነው ያሉት?

ጥያቄው ራሱ እንዴት ተተርጉሞ እንደቀረበላቸው እናስብ። እንግዳው «ኔግር» ብሎ ሲናገር አስተርጓሚው ከአማርኛ የሚያገኘው ቃል «ጥቁር» አይደለም፤ «ባሪያ» ወይም «ሻንቅላ» ነው። «ጥቁር» የመልክ ቃል ነው፤ ከ«ቀይ»፣ ከ«ጠይም»፣ ከ«ቀይ ዳማ» ጋር በአንድ ቤት ውስጥ ይኖራል። «ባሪያ» ግን የትውልድና የማዕረግ ቃል ነው። «የባሪያዎችን ማኅበር ይምሩልን» ተብሎ የተተረጎመለት ንጉሥ የሚመልሰው አንድ ነው፦ «ባሪያ አይደለሁም።» እርግጥ ይህ ግምት ነው፤ የአስተርጓሚውን አንደበት የመዘገበልን የለም። የተለመደው አነባበብም ግን ከዚህ ያነሰ ግምት አይደለም፤ ልዩነቱ የኔ አማርኛውን መጠየቁ ነው።

ለአንድ ቃል ይህን ያህል መጨነቅ የበዛበት የሚመስለው ሰው በወሎ ከሐራ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ይጓዝ፤ መርሳን ካለፈ በኋላ ውጫሌን ያገኛል። እዚያ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር በተፈረመው ውል አንቀጽ 17፣ አማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። የዚያ ቃል ዕዳ አድዋ ላይ ተከፈለ። በአንቀጽ 17 የጣልያንኛውን ቅጂ አንቀበልም የምንል ሰዎች በስኪነር ላይ ለምን የእንግሊዝኛውን እንቀበላለን?

የቃላቱን ልዩነት በዓይኔ ያየሁት ሐራ ገበያ ላይ ነው። ማሽላ የምትሸጥ እናት ረዳቷን «እስቲ ያችን ጥቁሯን ጥሪልኝ፣ ጣሳውን እሷ ይዛዋለች» አለቻት። ጥቁሯም ጠሪዋ ቀይዋም የአንድ እናት ልጆች ነበሩ፤ ማንም ቀና ብሎ አላየም። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ተሸካሚዎች በጆንያ ተጣሉና አንዱ «ባሪያ!» ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ የሻጮቹ እጅ ማሽላው ላይ ቆመ። ተሰዳቢው ከተሳዳቢው በመልክ አይጠቁርም ነበር።

አሁን ወደ ምስክራችን። መላኩ በያን በ1900 እ.ኤ.አ. በወሎ ተወልዶ በሐረር ያደገ፣ ራስ ተፈሪ ለትምህርት ወደ ውጭ ከላኳቸው ወጣቶች አንዱ ነው። ኦሃዮ በሚገኘው የመስኪንገም ኮሌጅ ከተማረ በኋላ ለሕክምና የመረጠው የጥቁሮችን ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድን ነው፤ በ1935 ተመረቀ። ያገባትም ጥቁር አሜሪካዊቷን ዶሮቲ ሃድሊን ነው። በነሐሴ 1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረተ፤ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለ ጋዜጣም ወጣ። በ1939 ኢትዮጵያን በጥቁሮች ጉዞ ፊታውራሪነት የሚያቆም ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያም ሃዋርድንም ጋብቻውንም ከጥቁሮች አንድነት እምነቱ ጋር ያያይዛል። በግንቦት 1940 የአገሩን ነጻነት ሳያይ አረፈ። ይህ መጽሐፍ ስለ ጉዳዩ በኢትዮጵያዊ እጅ የተጻፈ ሆኖ ሳለ፣ ከስኪነር አንድ አንቀጽ ያነሰ ጥቅስ ማግኘቱ ያስገርማል።

«መላኩ ይህን ያለው ከኢጣልያ ጋር ለነበረው ጦርነት ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው» የሚል ይኖራል። ሃዋርድ የገባው፣ ዶሮቲንም ያገባው ጦርነቱ ሳይጀመር ነው፤ ለመዋጮ ብሎ ትዳር የመሠረተ ሰው አላውቅም። «አንድ ግለሰብ አገርን አይወክልም» ለሚለውም፣ ስኪነር የጠቀሰው ስንት ሰው ነው? ደግሞስ ሲልቫን በ1900 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በተደረገው የፓን አፍሪካ ጉባኤ የተገኘው የምኒልክ ሰው ተብሎ ነው። ምኒልክም በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ፣ ከሩቅ የመጡ መንግሥታት አፍሪካን ሲከፋፈሉ ዝም ብለው እንደማያዩ አስታውቀዋል።

የቀረው ተቃውሞ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም፤ የሚመጣውም ከራሴ ክርክር ነው። ምኒልክ ያሉት «ባሪያ አይደለሁም» ከሆነ፣ ንጉሡ ከአንዱ ክስ ነጻ ሲወጡ ማኅበረሰቡ በሌላ ክስ ይያዛል። ያ መልስ ትርጉም የሚኖረው ባሪያ በሚሸጥበት አገር ብቻ ነው። መንግሥት ባርነትን የሚገድብ አዋጅ ያወጣው በ1916 ዓ.ም.፣ ፈጽሞ የሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ሻጩ፣ ገዢውና የተሸጠው ሁሉም ጥቁር በሆኑበት አገር፣ ንቀቱ ከቆዳ ይልቅ በዘር ሐረግ ላይ ተተከለ፤ ስለዚህም አዋጁ ሕጉን ሲሽር ቃሉን ሳይነካው አለፈ። መላኩ ኒው ዮርክ ላይ «ጥቁር ነኝ» ማለቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ይሁንና በአማርኛ ያን ማለት ከባድ ሆኖ አያውቅም። የሐራዋ ማሽላ ሻጭ ሳታስብበት ትለዋለች። ከባዱ እጇን ያቆመው ሌላው ቃል ነው፤ ስለ እሱ የተጻፈልን ደግሞ ከስኪነር ወሬም ያንሳል።